የቡአ ቀዶ ሕክምና ወደ አዊ የመጣበት ረጅም መንገድ

ከ3,500 ዓመታት በፊት በግብፅ የተጻፈና ዛሬ የኤበርስ ፓፒረስ ተብሎ የሚጠራ የሕክምና ጽሑፍ፣ ሰው ሲያስል ከሆዱ ላይ ብቅ ስለሚል እብጠት ያነሣል። ዛሬም በአዊ ዞን በእንጅባራ ወይም በዳንግላ ሆስፒታል ብሽሽቱ ያበጠ ሰው ሲቀርብ ሐኪሙ የሚያደርገው ከዚያ ብዙም አይርቅም። ያስቆመዋል፣ ጣቱን ብሽሽቱ ላይ ያሳርፋል፣ እንዲያስል ያዘዋል። እብጠቱ ጣቱን ገፋ ካደረገ፣ ሰውየው ሲጋደም ደግሞ ወደ ሆድ ተመልሶ ከጠፋ፣ ያ ሕዝቡ ቡአ፣ ሐኪሞች ሄርኒያ የሚሉት ነው።

ሆዳችንን ከፊት የሚይዘው ከቆዳና ከስብ በታች በተደራረቡ ጡንቻዎችና ጠንካራ ሽፋኖች የተሠራ ግድግዳ ነው። ግድግዳው በተፈጥሮው የሚሳሳባቸው ቦታዎች አሉት። እትብት ያለፈበት እምብርት አንዱ ነው። ብሽሽት ሌላው ነው፤ ወንድ ልጅ ገና በማኅፀን ሳለ የዘር ፍሬዎቹ ከሆድ ወደ ከረጢታቸው የሚወርዱት በዚያ በኩል በመሆኑ መተላለፊያው ዕድሜ ልክ ደካማ ሆኖ ይቀራል። ቀድሞ ተከፍቶ የተሰፋ ቦታም፣ ለምሳሌ እናት በቀዶ ሕክምና የወለደችበት፣ ውሎ አድሮ ሊላላ ይችላል። ሰው ሲያስል፣ ሲያምጥ፣ ሰገራ ወይም ሽንት አልወጣ ብሎት ሲታገል፣ ከባድ ሸክም ሲያነሣ በሆዱ ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል። ያን ጊዜ አንጀት ወይም ሞራ በሳሳው በኩል ይወጣል፤ ጤፍ የተጠቀጠቀበት አቁማዳ በነተበው በኩል እንደሚያብጥ። የሕፃናት የእምብርት እብጠት አብዛኛውን ጊዜ አራትና አምስት ዓመት እስኪሞላቸው ራሱ ይዘጋል። አዋቂ ላይ የወጣውን ግን የሚዋጥ መድኃኒት አይዘጋውም፤ መጠገን አለበት።

ይህን የሰው ልጅ ቶሎ አልደረሰበትም። በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሮማዊው ጸሐፊ ሴልሰስ ሄርኒያ በቀዶ ሕክምና እንዴት እንደሚታከም ጽፎ ነበር። ከእሱ በኋላ በነበሩት ዘመናት ግን በአውሮፓ ብዙ ቆራጮች እብጠቱን ሲያወጡ የዘር ፍሬውንም አብረው ቆርጠው ይጥሉት ነበር። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም አምብሯዝ ፓሬ ይህን አጥብቆ ተቃወመ፤ እብጠቱ ወደ ውስጥ ተመልሶ በቀበቶ እንዲታሰር መከረ። በዚያው ዘመን ፒየር ፍራንኮ በቀዳዳው ተይዞ የታነቀን አንጀት በቀዶ ሕክምና ስለ ማላቀቅ ጻፈ። ቀበቶው ሕመሙን ያስታግሥ እንደሆን እንጂ ቀዳዳውን አይዘጋም። ቢሆንም ለሦስት መቶ ዓመታት ያህል የብዙ ሰው ተስፋ ያ ቀበቶ ነበር።

በእኛ አገር ወጌሻው አጥንት ይጠግናል፣ ወለምታ ያሻል፤ ሕመም ያለበትን ቦታ በጋለ ብረት የሚተኩስም አለ። ቡአ ግን ከእነዚህ ሁሉ እጅ ውጭ ነበር። በአዊ፣ በሰባቱ ቤት አገው ምድር፣ እንደ ሌላው የጎጃም ገጠር ሁሉ ቡአ የወጣበት ገበሬ ነገሩን በጋቢው ከልሎ፣ ሲጋደም እየመለሰ፣ ሲነሣ እየያዘ ይኖራል። በወንድነት ላይ የሚሰነዘር ስድብ ስላለበት ለሚስቱ እንኳ ሳይናገር ዓመታት የሚያልፉበት አለ። ይህ ሐፍረት በሕክምናው ታሪክ ውስጥ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። ቢላዋም፣ ማደንዘዣም፣ ሐኪምም ቀርበው እያሉ ሰውን ከሆስፒታል ደጃፍ ያስቀረው አንዱ ምክንያት እሱ ነው።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የእንግሊዙ አስትሊ ኩፐርና የጣሊያኑ አንቶኒዮ ስካርፓ ብሽሽትን ሽፋን በሽፋን እየገለጡ አጠኑት። ጡንቻው የት ያልቃል፣ ቀዳዳው በምን መካከል ያልፋል፣ የደም ሥሩ በየት በኩል ይሄዳል የሚለው ታወቀ። ዕውቀቱ ብቻውን ግን ማንንም አላዳነም፤ ሕመሙን የሚችል፣ ከቁስሉ መመርቀዝ የሚተርፍ ሰው ጥቂት ነበርና። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1846 በቦስተን ዊልያም ሞርተን በኤተር ሕመምተኛን አደነዘዘ። በ1867 ደግሞ ጆሴፍ ሊስተር ቁስልን በካርቦሊክ አሲድ ከጀርም የመጠበቅ ዘዴውን አሳተመ። አሁን ሆድን ተረጋግቶ መክፈትና መዝጋት የሚቻልበት ጊዜ መጣ።

ያ 1867 በእኛ አቆጣጠር 1860 ዓ.ም. የጀመረበት ነው። በመስከረም መጨረሻ ግድም ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ሰው በትከሻና በገመድ እየሳበ ገደል ለገደል፣ ወራት ፈጀበት። የሆድን ግድግዳ የሚፈትን ሸክም ካለ እንዲህ ያለው ነው። በዚያው ሰሞን በሮም አጠገብ ቪላ ግሎሪ በተባለ ስፍራ ኤዶአርዶ ባሲኒ የሚባል የ23 ዓመት ወጣት ጣሊያናዊ በሳንጃ ብሽሽቱን ተወጋ። ባሲኒ ከፓቪያ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ከተመረቀ ገና ዓመት አልፎት ነበር፤ ሮምን ከጳጳሱ አስተዳደር አላቅቀው ከጣሊያን ጋር ሊያዋህዱ ከዘመቱት የጋሪባልዲ ፈቃደኞች አንዱ ነበር። ተማረከ። ሳንጃው አንጀቱን ነክቶት ስለነበር ከቁስሉ ለወራት ሰገራ ይፈስ ነበር። መምህሩ ሉዊጂ ፖርታ ሲያክመው ቆይቶ በመጨረሻ ዳነ።

ከዚያ ወዲያ ባሲኒ ወታደርነቱን ትቶ ወደ ሙያው ተመለሰ። በቪየና የቢልሮትን፣ በበርሊን የላንገንቤክን፣ በለንደን የሊስተርን ቀዶ ሕክምና እየዞረ ተመለከተ፤ በፓዱዋ ዩኒቨርሲቲም ፕሮፌሰር ሆነ። በዚያ ዘመን ሄርኒያ በቀዶ ሕክምና ከተዘጋላቸው ሰዎች ብዙዎቹ ዓመት ሳይሞላቸው ተመልሶ ይወጣባቸው ነበር፤ ሐኪሞቹ ከረጢቱን አስረው ቆዳውን ይሰፋሉ እንጂ የተናደውን ግድግዳ አይሠሩትም ነበር። ባሲኒ ያስተዋለው ይህን ነው። የብሽሽት መተላለፊያ ቀጥ ያለ ቀዳዳ አይደለም፤ በጡንቻዎች መካከል አግድም የሚያልፍ ነው፤ ጤነኛ ሰው ሲያስል ጡንቻዎቹ ተጫጭነው ይዘጉታል። ስለዚህ የዘር ፍሬውን ቧንቧና የደም ሥሮች ከፍ አድርጎ ያዘ፤ ከረጢቱን ከሥሩ ቆርጦ አሰረ፤ ከኋላ ያለውን ግድግዳ ሦስቱን የጡንቻና የሽፋን ድርብ በአንድነት ወደ ታችኛው ጅማት ሰፍቶ አዲስ አድርጎ ሠራው፤ ከዚያ ቧንቧውን ወደ ቦታው መልሶ ከላይ ዘጋ። የዘር ፍሬው አልተነካም። በ1884 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ1887 ለጣሊያን ቀዶ ሐኪሞች ማኅበር አቀረበው፤ በ1889 ደግሞ 262 ቀዶ ሕክምናዎችን ዘርዝሮ መጽሐፍ አሳተመ። ተመልሶ የወጣባቸው ከ100 ሦስት ግድም ብቻ ነበሩ። ብሽሽቱን የተወጋው ሰው የብሽሽትን ጥገና ለዓለም ማስተማሩ ከሕክምና ታሪክ ውስጥ ለእኔ ከሁሉም የላቀ ምዕራፍ ነው።

የባሲኒ መጽሐፍ በወጣበት ዓመት ዳግማዊ ምኒልክ ዘውድ ጫኑ፤ አገራችን ግን በክፉ ቀን ውስጥ ነበረች። የከብት በሽታው በሬውን ጨርሶት ገበሬው መሬቱን በዶማና በእጁ ይቆፍር ነበር። ጉልበት የመጨረሻው ሀብት በሆነበት በዚያ ጊዜ ቡአ የወጣበት ሰው ቤተሰቡን እንዴት ያበላል? ፓዱዋ የተገኘው መፍትሔ ወደዚህ ለመድረስ ገና ብዙ መንገድ ነበረው።

ከዓድዋ ድል በኋላ በ1896 እ.ኤ.አ. የሩሲያ ቀይ መስቀል የሐኪሞች ቡድን መጣ፤ ቁስለኞችን አከመ፤ በአዲስ አበባም ሆስፒታል አቋቁሞ ለዓመታት ሠራ። ከዚያ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል፣ ቀጥሎም በ1924 እ.ኤ.አ. ዛሬ የካቲት 12 የሚባለው ቤተ ሳይዳ ተከፈቱ። በነዚሁ ዓመታት በአውሮፓ ለገጠር ሆስፒታል ሁሉ የሚጠቅም ነገር ተገኘ። ጀርመናዊው አውጉስት ቢር በ1898 በወገብ አከርካሪ መካከል በቀጭን መርፌ መድኃኒት ሰጥቶ ከወገብ በታች አደነዘዘ። ሕመምተኛው ነቅቶ፣ እየተናገረ፣ በራሱ እየተነፈሰ ይታከማል፤ የመተንፈሻ መሣሪያ አያስፈልገውም። ዛሬ በወረዳ ከተማ የሚሠራው አብዛኛው የሄርኒያ ቀዶ ሕክምና የሚቻለው በዚህ መርፌ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታል መኖሩ ለአዊ ሰው ምን ያህል ሩቅ እንደነበር ለመገመት ዳንግላን መመልከት ይበቃል። ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ሜጀር ቺስማን በዳንግላ ቆንስል ሆኖ ተቀምጦ ነበር። ከዚያ እየተነሣ ጣናንና ዓባይን አጠና፤ ጉዞው ሁሉ በበቅሎና በሸክም እንስሳ ነበር። ከዳንግላ አዲስ አበባ ዓባይን ተሻግሮ መድረስ የሳምንታት መንገድ ነበር። አንጀቱ ለታነቀበት ሰው ያለው ጊዜ ግን በሰዓታት የሚቆጠር ነው። በዚያ ዘመን የታነቀ ቡአ በአገው ምድር ሞት ነበር፤ ሰዉም በሆድ ቁርጠት ሞተ ብሎ ይቀብረው ነበር።

ለውጡ ከሰሜን ጀመረ። በደንቢያ በወባ ወረርሽኝ ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። የጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎች በቡድን እየሠለጠኑ ወደ ጤና ጣቢያዎች ተላኩ። ጤና መኮንኑ ቡአን ለይቶ ያውቃል፤ ሰውየውን ሆስፒታል ሂድ ይለዋል። መቅደድና መስፋት ግን ሥልጣኑ አልነበረም። በ1955 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ሥራ ሲጀምር ለዳንግላና ለእንጅባራ ሰው መንገዱ በአንድ ጊዜ አጠረ፤ ከዳንግላ 80፣ ከእንጅባራ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ ተቋቋመ፤ በኤድንብራ በቀዶ ሕክምና የሠለጠኑት ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ከመሥራቾቹና ከዲኖቹ አንዱ ነበሩ። በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ፋኩልቲው ቀዶ ሐኪሞችን እዚሁ አገር ውስጥ በስፔሻሊስትነት ማሠልጠን ጀመረ። ከዚያ በፊት ኢትዮጵያዊ ቀዶ ሐኪም ለመሆን ባሕር መሻገር ግድ ነበር።

በዚህ መካከል የጥገናው ዘዴ ራሱ ሌላ እርምጃ ተራመደ። የባሲኒ ስፌት የተራራቁ ጡንቻዎችን ጎትቶ ስለሚያገናኝ ስፌቱ ውጥረት ይበዛበታል፤ አንዳንዴም ይበጠሳል። በ1950ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ፍራንሲስ አሸር ሰውነት የማይቃወመውን የፕላስቲክ መረብ ለዚህ ሥራ አመጣ። በ1980ዎቹ ደግሞ የሎስ አንጀለሱ ኢርቪንግ ሊክተንስታይን ጡንቻ ሳይጎተት መረቡን በሳሳው ቦታ ላይ ዘርግቶ መስፋትን አስፋፋ። የሰውነት ሥጋ በመረቡ ዐይኖች መካከል በቅሎ ግድግዳውን ያጠነክረዋል። ዛሬ በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ20 ሚሊዮን በላይ የብሽሽት ሄርኒያ ይጠገናል፤ በበለጸጉት አገሮች አብዛኛው በመረብ ነው።

ለእኛ ችግሩ የመረቡ ዋጋ ነበር። በፋብሪካ ታሽጎ የሚመጣው አንዱ ከ100 ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር። በህንድ የገጠር ቀዶ ሐኪም የሆኑት ራቪንድራናት ቶንጋኦንካር ለአጎበር የሚሠራውን ጨርቅ ቆርጠውና ከጀርም አጽድተው መጠቀም ጀመሩ። ነገሩ በሚገባ ተፈትኖ የታየው በምሥራቅ ኡጋንዳ ነው። በዚያ 302 ወንዶች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው እኩሌቶቹ በአንድ ዶላር መረብ፣ እኩሌቶቹ በውዱ መረብ ታከሙ። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው ከአንድ ዓመት በኋላ በርካሹ መረብ ከታከሙት ቡአው የተመለሰበት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ በውዱ ደግሞ አንድም አልነበረም፤ በቁስል መመርቀዝም የጎላ ልዩነት አልታየም። (አንባቢ እንዳይሳሳት፤ ይህ በሆስፒታል ተፈትሾና ጸድቶ የተዘጋጀ ጨርቅ ነው እንጂ በመኝታችን ላይ የሚዘረጋው፣ መድኃኒት የተነከረው አጎበር አይደለም።) መረብ በማይገኝበት ሆስፒታል ሐኪሙ ዛሬም በባሲኒ ስፌት ይሠራል። ያም ቢሆን ሰውን ከሞት ያድናል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ትልቁ እርምጃ የመጣው በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። ጤና ሚኒስቴር ጤና መኮንኖችን ሦስት ዓመት በሁለተኛ ዲግሪ አሠልጥኖ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና የማዋለድ ባለሙያ የሚያደርግ ፕሮግራም ጀመረ። ጎንደር ላይ ቡአን ለይቶ ሪፈር እንዲጽፍ የተማረው ሙያተኛ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ራሱ ቢላዋ እንዲይዝ ተፈቀደለት። ይህን በጥርጣሬ የሚያይ ሰው አለ። በሴራሊዮን ተመሳሳይ ሥልጠና ያላቸው ባለሙያዎችና ሐኪሞች የሠሩት የሄርኒያ ጥገና ተወዳድሮ በ2021 እ.ኤ.አ. ሲታተም፣ ከዓመት በኋላ ቡአ የተመለሰባቸው በባለሙያዎቹ ከ100 አንድ፣ በሐኪሞቹ ከ100 ሰባት ግድም ነበሩ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ሐኪምን ለማሳነስም አይበቃም። የሠለጠነ እጅ ከማዕረግ እንደሚበልጥ ግን ያሳያል፤ ይህን ፖሊሲ ያለ ማመንታት የምደግፈው ለዚህ ነው።

በዚያው ዘመን አካባቢ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች በየወረዳው ይከፈቱ ጀመር። አንዱ ከ60,000 እስከ 100,000 ሰው እንዲያገለግል የታሰበ ነው። የዳንግላው የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከነዚህ ነው፤ እንጅባራ ደግሞ ጠቅላላ ሆስፒታል አላት። የገንዘቡ ነገርም ተነሣ። በ2011 እ.ኤ.አ. ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ13 ወረዳዎች ሲሞከር በአማራ ክልል የተመረጡት ፎገራ፣ ተሁለደሬና የአዊ ጎረቤት የሆነው ደቡብ አቸፈር ነበሩ። ከዚያ በብዙ ወረዳዎች ተስፋፋ። ገበሬው በመኸር ወቅት የዓመት መዋጮውን ከከፈለ በሬ ሳይሸጥ መታከም ይችላል። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ መንግሥት ቀዶ ሕክምናን ለማስፋፋትና ደኅንነቱን ለመጠበቅ ብሔራዊ ዕቅድ አወጣ።

ታዲያ ዛሬ የሚቀረው ምንድን ነው? የአዊ ሰው ሸክም አልቀለለም። በፋግታ ለኮማና በባንጃ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ግራር በማሳው ተክሎ፣ ቆርጦ፣ ከሰል አክስሎ ይሸጣል። ግንዱን መጎተት፣ ጆንያውን ተሸክሞ አይሱዙ ላይ መጫን የሆድ ግድግዳን ይፈትናል፤ ጭሱ ደግሞ ሳል ያመጣል። በእንግሊዝ አገር በተሠራ ስሌት ከ100 ወንዶች 27ቱ፣ ከ100 ሴቶች 3ቱ በሕይወት ዘመናቸው የብሽሽት ሄርኒያ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል። ሴቶች ላይ ከብሽሽት ዝቅ ብሎ በጭን ሥር የሚወጣው ዐይነት በርከት ይላል፤ እሱ ደግሞ ቶሎ የሚታነቅ ነው።

መታነቁ እንዲህ ይመጣል። ለዓመታት ሲጋደሙ ይመለስ የነበረው እብጠት አንድ ቀን አልመለስ ይላል። ይጠጥራል፣ ሲነኩት ያቃጥላል፣ ማስመለስ ይከተላል፣ ሆድ ይነፋል፣ አየርም ሰገራም አልወጣ ይላል። የታነቀው አንጀት ደም አጥቶ በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል። በወገብ መርፌ በአንድ ሰዓት አካባቢ ያልቅ የነበረው ሥራ የሞተ አንጀት ቆርጦ መቀጠል፣ ሙሉ ማደንዘዣ፣ ደም፣ አንዳንዴም ወደ ባሕር ዳር መላክ ይሆናል። ቀበሌው ሰውየውን በቃሬዛ ተሸክሞ መንገድ ቢያደርሰው እንኳ መኪናው በሌሊት አይገኝም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በቀጠለው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ። ስለዚህ ለአዊ ሰው ቡአን ሳይታነቅ በቀጠሮ ማስጠገን ከመቼውም በላይ አስፈላጊ ሆኗል።

«ኦፕራሲዮን ካደረግሁ ልጅ አልወልድም» ብሎ የሚፈራ ብዙ ነው። የዘር ፍሬ አብሮ የሚቆረጥበት ዘመን ስለነበረ ፍርሃቱ ከባዶ የመጣ አይደለም፤ ያ ዘመን ግን ከባሲኒ ጋር አልፏል። በዛሬው ጥገና ፍሬውና ቧንቧው ተጠብቀው ነው የሚሠራው፤ ጉዳት የሚደርሰው አልፎ አልፎ ነው። ታካሚው በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ተነሥቶ ይራመዳል፤ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ከባድ ሸክም ከማንሣት ይታቀባል፤ ከዚያ ወደ ሥራው ይመለሳል።

ለገበሬ ቤት ደህናው ጊዜ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ያለው፣ ከጥር እስከ መጋቢት ነው። የጤና መድን መዋጮአችሁን ክፈሉ። አባታችሁ ሲቆሙ ብሽሽታቸውን በእጃቸው የሚይዙ፣ ሲያስሉ ጎንበስ የሚሉ፣ ሸክም አልሻም ማለት የጀመሩ ከሆነ እሳቸው እስኪናገሩ አትጠብቁ፤ በአክብሮት ለብቻቸው ጠይቋቸው፤ እናትም ብትሆን እንዲሁ። እብጠቱ ጠጥሮ አልመለስ ያለ፣ ማስመለስም የጀመረ ዕለት ግን ወቅት አትምረጡ፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ውሰዷቸው።